ከላኪው ስም ጎን የሚቆም አርማ

ከሚሴ ላይ ማሾ ሰብስቦ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ እናስብ። የደዋ ጨፋ፣ የአርጡማ ፉርሲና የጅሌ ጥሙጋ ገበሬ የሚያመርተው ማሾ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ይሸጣል፤ ኢንዶኔዥያ፣ ሕንድና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከገዢዎቹ መካከል ናቸው። ነጋዴው ጃካርታ ላለ ደንበኛው ዋጋ በኢሜይል ይልካል። ደንበኛው ስልኩን ሲከፍት ከላኪው ስም ጎን ትንሽ ክብ ያያል፤ በክቡ ውስጥ ያለው የነጋዴው ስም የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ነው። ከዚያው ዝቅ ብሎ የተቀመጠው የአንድ ትልቅ ኩባንያ መልእክት ግን በክቡ ውስጥ የድርጅቱን አርማ ይዟል፤ ከስሙ ቀጥሎም ሰማያዊ ምልክት አለበት።

ያ አርማ ማንም ከስልኩ አንስቶ የሚለጥፈው ፎቶ አይደለም። በስተኋላው የላኪውን ማንነት የሚያጣሩ አራት እርከኖች አሉ። የመጨረሻው እርከን «ቢሚ» ይባላል፤ የድርጅት አርማ ተረጋግጦ በኢሜይል ሳጥን ውስጥ እንዲታይ የሚያደርገው አሠራር ይህ ነው። ለከሚሴ ነጋዴ የሚጠቅመው ግን ከአርማው ይልቅ ወደ አርማው የሚወስደው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ዋናው ጥበቃ ያለው እዚያ ነው፤ አብዛኛው ሥራም ገንዘብ አይጠይቅም።

ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚጓዝበትን ደንብ ጆን ፖስቴል ጽፎ ያወጣው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1982 ነው። መረቡን የሚጠቀሙት በዚያን ጊዜ በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ስለነበሩ ላኪው «እኔ እገሌ ነኝ» ካለ ቃሉ ይበቃ ነበር። ደንቡ «ከ» በሚለው መስመር ላይ የተጻፈው አድራሻ እውነት ይሁን አይሁን የሚያጣራበት መንገድ አልነበረውም። ዛሬም አንድ አጭበርባሪ በማሾ ነጋዴው አድራሻ ስም ለጃካርታው ገዢ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፣ ክፍያውን በዚህኛው ላኩልን» ብሎ ለመጻፍ የነጋዴውን የይለፍ ቃል ማወቅ አያስፈልገውም፤ ዶሜይኑ፣ ማለትም በአድራሻው ላይ ከ@ ቀጥሎ ያለው ስም፣ ካልተጠበቀ በነጋዴው ስም መጻፍ ይችላል።

ሰኞ ባቲ፣ እሑድ ሰንበቴ ገበያ የሚወጣ ሰው ከማያውቀው ሻጭ በሬ ወይም ግመል ዝም ብሎ አይገዛም። ሻጩን የሚያውቅ፣ ነገ «ከብቱ የኔ ነው» የሚል ሌላ ሰው ቢመጣ ተጠያቂ የሚሆን ዋስ ይፈልጋል። ኢሜይል ለብዙ ዓመታት ያለ ዋስ የሚካሄድ ገበያ ነበር። ዋሱን ለማቆም የተሠሩት ሥርዓቶች የወጡት በየተራ ነው፤ እያንዳንዱም የፊተኛው የተወውን ክፍተት ለመድፈን የመጣ ነው።

የመጀመሪያው ኤስፒኤፍ ነው። የዶሜይኑ ባለቤት ዲኤንኤስ በሚባለው የስም መዝገብ ላይ በእሱ ስም መልእክት መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል፤ ተቀባዩ ሰርቨር መልእክቱ ከየት እንደመጣ አይቶ ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል። ሁለተኛው ዲኪም ይባላል። ላኪው ሰርቨር እያንዳንዱን መልእክት በሚስጥር ቁልፍ ይፈርምበታል፤ ፊርማውን የሚያረጋግጠው ሌላው ቁልፍ ደግሞ በዚያው መዝገብ ላይ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ከተፈረመው ጽሑፍ በመንገድ ላይ ጥቂት እንኳ ቢለወጥ ፊርማው ይከሽፋል።

ሁለቱም ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረባቸው። የሚያጣሩት ዶሜይን አንባቢው በዓይኑ ከሚያየው አድራሻ ጋር አንድ መሆን አለበት የሚል ግዴታ አልነበረባቸውም። አጭበርባሪው በራሱ ዶሜይን ሁለቱንም ፈተና አልፎ፣ ለአንባቢው በሚታየው መስመር ላይ የሌላ ሰው አድራሻ ማስፈር ይችል ነበር። ይህን ክፍተት የዘጋው እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ይፋ የሆነው ዲማርክ ነው። ዲማርክ የሚታየው አድራሻ ዶሜይን በኤስፒኤፍ ወይም በዲኪም ከተረጋገጠው ዶሜይን ጋር እንዲገጥም ያስገድዳል። ካልገጠመ ምን እንደሚደረግ የሚወስነውም የዶሜይኑ ባለቤት ራሱ ነው፤ መልእክቱ ይለፍ ሊል፣ ወደ ስፓም ይግባ ሊል፣ ወይም ጭራሹን አይድረስ ሊል ይችላል።

ዲማርክ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም ይልቅ ጥቅሙ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። እንደ ጂሜይልና ያሁ ያሉ ትልልቅ ተቀባዮች በዶሜይኑ ስም ምን ያህል መልእክት እንደደረሳቸው፣ ከየትኞቹ ሰርቨሮች እንደመጣና የትኛው ፈተናውን እንደወደቀ ለባለቤቱ ሪፖርት ይልኩለታል። ማን በስሙ እንደሚጽፍ አይቶ የማያውቅ ድርጅት ለመጀመሪያ ጊዜ ያያል። ሪፖርቱ ሌቦችን ብቻ አያወጣም፤ የተረሱ የራስ ሥራዎችንም ያወጣል። የሒሳብ ሶፍትዌሩ የሚልከው ደረሰኝ፣ ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ከዓመታት በፊት የተከለው ቅጽ፣ ለደንበኞች በአንድ ጊዜ መልእክት የሚበትነው አገልግሎት ሁሉም እዚያ ይታያሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው መመሪያ «ይለፍ» ሆኖ ለጥቂት ሳምንታት ሪፖርት ማንበብ፣ የራስን ላኪዎች አንድ በአንድ ማስተካከል፣ ከዚያ ወደ «ስፓም»፣ ቀጥሎም ወደ «አይድረስ» መሸጋገር ይሻላል። በመጀመሪያው ቀን «አይድረስ» ያለ ድርጅት የራሱን ደረሰኞች ያግዳል።

ለእነዚህ ሦስቱ ክፍያ የለም። የሚያስፈልገው የራስ ዶሜይንና መዝገቡን ማስተካከል የሚችል ሰው ነው። በነፃ የጂሜይል አድራሻ የሚጽፍ ድርጅት ግን መጀመር እንኳ አይችልም፤ ዶሜይኑ የጉግል ነውና በመዝገቡ ላይ የሚጽፈው ጉግል ብቻ ነው። «ዶት ኢቲ» የሚለውን የአገራችንን መጨረሻ የያዙ ዶሜይኖችን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ሲሆን «ዶት ኮም» የሚሉትን ከብዙ ሻጮች መግዛት ይቻላል። ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ተጠቃሚዎቻቸው በብዛት፣ በጉግል መለኪያ በቀን ወደ 5,000 ወይም ከዚያ በላይ መልእክት፣ ከሚልክ ማንኛውም ላኪ ሦስቱንም ይጠይቃሉ። የከሚሴ ነጋዴ ያን ያህል አይልክም፤ ስሙ ግን የትልልቆቹን ያህል ሊሰረቅ ይችላል።

ቢሚ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጉግል፣ ያሁና ፋስትሜይልን የመሰሉ ድርጅቶች የተሳተፉበት የሥራ ቡድን ያዘጋጀው ሲሆን፣ ጂሜይል በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ሙከራውን አስታውቆ በሐምሌ 2021 ለሁሉም ከፍቶታል። አፕል በ2022 ተከተለ። የማይክሮሶፍት አውትሉክ ግን ይህን አሠራር አልተቀበለም፤ ገዢው አውትሉክ የሚጠቀም ከሆነ አርማው አይታየውም። ዲማርኩ «ይለፍ» ላይ የቆመ ዶሜይን ቢሚ ውስጥ አይገባም፤ ቢያንስ «ስፓም» ላይ ደርሶ ሁሉንም መልእክቶች የሚሸፍን መሆን አለበት።

አርማው የሚዘጋጅበት ፋይል ጥብቅ ነው። ኤስቪጂ የሚባለው፣ በመስመር የተሣለ የምስል ዓይነት፣ እሱም ደኅንነቱ የተጠበቀው ቀለል ያለ ቅርጹ ብቻ ይፈቀዳል። በውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር፣ ከውጭ የሚጠራ አድራሻ ወይም የተደበቀ ፎቶ መኖር የለበትም። ዲዛይነሮች ተራ ፎቶ ኤስቪጂ ውስጥ ከተው ያስረክባሉ፤ ተቀባይነት የለውም። ምስሉ አራት ማዕዘን ሆኖ መሐሉ ላይ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ስልክ ላይ በክብ ተቆርጦ ስለሚታይ ጠርዝ ላይ ያለ ጽሑፍ ይጠፋል።

ከዚያ አርማው የድርጅቱ መሆኑን የሚመሰክር ሰርተፍኬት አለ። ቪኤምሲ የሚባለውን ሰርተፍኬት እንደ ዲጂሰርትና ግሎባልሳይን ያሉ ድርጅቶች ይሰጣሉ። ድርጅቱ በሕግ መኖሩን፣ ዶሜይኑ የእሱ መሆኑን ያጣራሉ፤ አመልካቹንም በቪዲዮ ወይም በውል አዋዋይ ፊት መታወቂያውን ይዞ ያዩታል። ዋናው ጥያቄ ግን አርማው በንግድ ምልክትነት ተመዝግቧል ወይ የሚለው ነው። የሚቀርበው ምስል ከተመዘገበው ጋር መግጠም አለበት። ይህ ከሚሴን በተለይ ይመለከታል። ከተማው ያለበት ዞን የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ የከተማው ማስታወቂያ ሰሌዳዎች በቁቤም በፊደልም ይጻፋሉ። በአማርኛ ጽሑፍ የተመዘገበ አርማ ይዞ በኢሜይሉ ላይ የቁቤውን ማሳየት የሚፈልግ ድርጅት አይሳካለትም። ጽሑፍ የሌለበትን ሥዕል ለብቻው ማስመዝገብ ከዚህ ጣጣ ያድናል።

የት ነው የተመዘገበው? እዚህ ላይ ቅር የሚያሰኝ ነገር አለ። በአገራችን የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን፣ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ነው፤ ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። ቪኤምሲ ሰጪዎች ግን የሚቀበሉት በደንባቸው የተዘረዘሩ አገሮችን መዝገብ ብቻ ነው። የአሜሪካ፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ የእንግሊዝ፣ የጃፓን፣ የሕንድና የብራዚል መሥሪያ ቤቶች በዝርዝሩ አሉ፤ የእኛ የለም። አዲስ አበባ ላይ በሕግ የተመዘገበ አርማ ለዚህ ጉዳይ እንዳልተመዘገበ ይቆጠራል። ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም።

ውጭ ማስመዝገብ ምን ያህል እንደሚያደክም ኢትዮጵያ በቡናዋ አይታዋለች። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ ሲያመለክት የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ይርጋጨፌ በ2006 ሲመዘገብ ሐረርና ሲዳሞ መጀመሪያ ውድቅ ተደርገው፣ ከረጅም ክርክር በኋላ በ2008 ተመዘገቡ፤ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተደረሰው በመካከሉ፣ በ2007 ነበር። ያ የአንድ አገር አቅም ያለበት ሙግት ነው። ነጠላ ነጋዴም መንገዱ አልተዘጋበትም፤ ይሁንና ነዋሪነቱ ከአሜሪካ ውጭ የሆነ አመልካች ከ2019 ወዲህ እዚያ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ማቆም ግዴታው ነው። የቪኤምሲው ዋጋም በዓመት ከአንድ ሺህ ዶላር ያልፋል፤ በዛሬ ምንዛሪ ከ100 ሺህ ብር በላይ መሆኑ ነው። ለማሾ ነጋዴያችን ይህን እንዲከፍል አልመክረውም።

የተሻለ መንገድ ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ አለ። ጂሜይል ሲኤምሲ የሚባለውን ሌላ ሰርተፍኬት መቀበል ጀመረ። ይህኛው የንግድ ምልክት ምዝገባ አይጠይቅም፤ አርማው በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ቢያንስ ለ12 ወራት በይፋ ሲታይ መቆየቱ ይበቃዋል። ሰማያዊው ምልክት አይሰጥም፣ አርማው ግን በክቡ ውስጥ ይወጣል። እዚህ ላይ ጊዜ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ድረ ገጽ ያለው ድርጅት አርማውን አስተካክሎ ዛሬውኑ ቢያወጣውና ባይለዋውጠው የ12 ወሩ ቆጠራ ይጀምርለታል።

የአርማው አቅም የት ላይ እንደሚያበቃ ማወቅም ግድ ነው። አርማው የሚመሰክረው መልእክቱ ከዚያ ዶሜይን መምጣቱን ነው፤ ላኪው ሐቀኛ ነው አይልም። ጂሜይል ሰማያዊውን ምልክት በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ካወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ በሰኔ፣ የዕቃ አድራሹን ኩባንያ የዩፒኤስን ስም የያዘ ሐሰተኛ መልእክት ምልክቱን አግኝቶ ተገኘ። ጉግል ከዚያ በኋላ ዲኪምን አስገዳጅ አደረገ። ከዚህ የባሰው ግን የራስ የኢሜይል ሳጥን ሲሰረቅ ነው። የነጋዴው የይለፍ ቃል በሌባ እጅ ከገባ፣ ሌባው የሚጽፈው መልእክት አራቱንም ፈተና አልፎ አርማውን ይዞ ይደርሳል። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ መክፈት፣ ከገዢው ጋርም «የባንክ ሒሳብ ለውጥ በስልክ ድምፅ ሳይረጋገጥ አይጸናም» ብሎ ከመጀመሪያው መስማማት ያስፈልጋል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተለየ በር አላቸው። አርማቸው በሕግ የተቋቋመ ከሆነ በመንግሥት ምልክትነት ቪኤምሲ ሊሰጠው ይችላል፤ የንግድ ምልክት ምዝገባ አይጠየቁም። የዞን አስተዳደሩም ሆነ የከሚሴ ማዘጋጃ ቤት ጉዳዩን ቢያስቡበት የመጀመሪያው ሥራቸው «ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ» በሚለው ዶሜይን ሥር የኢሜይል አድራሻ ይዞ፣ ሠራተኛው ሁሉ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ከዚያ ብቻ እንዲልክ ማድረግ ነው።