የሮማ መሐለቅና የቀራጺው ስሕተት

በጥንቱ የሮማ መንግሥት መሐለቅ የሚመታው በሰው ክንድ፣ ማኅተሙም የሚቀረጸው በሰው እጅ ስለ ነበረ፣ በአንድ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ከወጡት ገንዘቦች መካከል በልዩ ልዩ ማኅተም የተመቱት ፈጽሞ አንድ ዓይነት መልክ የላቸውም። ቀራጺው የንጉሡን ምስልና በዙሪያው ያለውን ጽሕፈት የሚጠርበው ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙንም ወደ ግራ ገልብጦ ነበርና፣ የላቲኑ «ኤን» ወይም «ኤስ» ዞሮ ቢወጣ፣ ከማዕርጉ ስም አንዲት ፊደል ብትዘለል ወይም ቦታ ጠብቦ የመጨረሻዎቹ ፊደላት ቢጨናነቁ የሚያስደንቅ አይደለም።

ከሁለቱ ማኅተሞች ንጉሡ ያለበት በመስፍ ላይ ይተከላል፤ ሁለተኛውን ሠራተኛው በእጁ ይዞ፣ የተዘጋጀውን ጠፍጣፋ ማዕድን ከመካከል አግብቶ በመዶሻ ይመታዋል። የተመታው መሐለቅ ሳይወድቅ ከላይኛው ማኅተም ጋር ተጣብቆ የቀረ እንደ ሆነ፣ ቀጥሎ የሚመጣው በአንድ ፊቱ የንጉሡን መልክ እንደ ወትሮው ጎልቶ፣ በሌላው ፊቱ ግን ያንኑ መልክ ተገልብጦና ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ይቀበላል። ይህ የመቺው እንጂ የቀራጺው ስሕተት አይደለም። የቀራጺው ስሕተት የሚታወቀው በመደጋገሙ ነው፤ ማኅተሙ ካልታረመ በቀር እስኪሰበር ድረስ በሚመታበት ገንዘብ ሁሉ ላይ ይታያልና።

ስለዚህ ፊደል የጎደለበት መሐለቅ ያገኘ ሰው፣ ብርቅ ነገር አገኘሁ ብሎ ከመቸኮሉ በፊት፣ በጎደለው ፊደል ስፍራ ባዶ ቦታ መኖር አለመኖሩን ይመርምር። ባዶ ቦታ ቢኖር፣ ፊደሉ በመልካም ተቀርጾ ሳለ ጉድጓዱ በእድፍ ተደፍኖ፣ ወይም መሐለቁ በአገልግሎት ብዛት አልቆ ይሆናል፤ በግራና በቀኝ ያሉት ፊደላት ተቀራርበው ከተጻፉ ግን ቀራጺው እንደ ዘነጋው ያስገምታል። ፍርዱ የሚጸናው ከዚያው ማኅተም የወጣ ሁለተኛ መሐለቅ ሲገኝ ነው። ለዚህም የፊደላቱን ጫፍ ከአክሊሉ ጨረር፣ ከአፍንጫውና ከጉንጉኑ ጥብጣብ ጋር እያስተያዩ ማመሳከር ያስፈልጋል፤ እጅግ አድካሚ ቢሆንም ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

በ193 የነገሠው ሴፕቲሚዮስ ሴዌሮስ በምሥራቅ ያስመታቸው የብር ዲናሮች በጽሕፈት ስሕተት የታወቁ ናቸው፤ በዚያ አገር የጽሕፈት ልማድ የግሪክ እንጂ የላቲን አልነበረምና። በእኛም አገር በአክሱም የወርቅ መሐለቅ ላይ የግሪኩ ጽሕፈት ወደ መጨረሻው ዘመን እየተበላሸ መሄዱ የዚሁ ዓይነት ምስክር ነው።

ነገር ግን ያልተለመደው ሁሉ ስሕተት አይደለም። ከ286 እስከ 293 ብሪታንያን ይዞ የነበረው ካራውሲዮስ በመሐለቁ ግርጌ ያስቀረጻቸው «አር ኤስ አር» የሚሉ ሦስት ፊደላት ብዙ ጊዜ የአንድ የገንዘብ ሹም ማዕርግ ምልክት ተብለው ሲተረጐሙ ኖረው፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በአንድ የነሐስ ሜዳልያው ላይ ካሉት ስድስት ፊደላት ጋር ሲገናዘቡ፣ የባለቅኔው የቨርጂል ተከታታይ ስንኞች መነሻ ፊደላት ሆነው ተገኙ።

ሁለተኛ መሐለቅ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያሳየው ግን የዶሚቲያኖስ ነገር ነው። በ271 ገደማ በጋሊያ ነገሥሁ ያለው የዚህ ሰው መሐለቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1900 በፈረንሳይ አገር በናንት አጠገብ በተገኘ ጊዜ፣ ብቻውን ስለ ነበረ ብዙ ሊቃውንት የኋላ ዘመን ሰው የፈጠረው ሐሰተኛ ነው ብለው ንቀውት ነበር። በ2003 በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ አውራጃ፣ ቻልግሮቭ በተባለ ስፍራ፣ 5,000 ያህል መሐለቆች በአንድ ማሰሮ ውስጥ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ተገኙ፤ እነርሱም በብሪቲሽ ሙዚየም በጥንቃቄ ሲለያዩ፣ የዶሚቲያኖስ ስምና መልክ ያለበት አንድ ወጣ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲመረመሩም በፊትም በጀርባም ከአንድ ጥንድ ማኅተም የተመቱ መሆናቸው ተረጋገጠ፤ በዚህም የናንቱ መሐለቅ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ከቆየበት የሐሰተኛነት ጥርጣሬ ነጻ ወጣ።