የእስክንድርያ ቤቶችና የመፍረሳቸው ሒሳብ



የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት ጳጳሳቷን ስትቀበል የኖረችው ከእስክንድርያው መንበረ ማርቆስ ነውና የከተማዪቱ ስም ለእኛ ባዕድ አይደለም። ዛሬ የማወሳው ግን ስለ መንበሩ ሳይሆን ስለ ቤቶቿ ነው። (ዓመታቱን በሙሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ስለ ፋሮስ የመብራት ማማ ማዘን ቀላል ነው፤ ያፈረሰው የምድር መናወጥ ስለሆነ የምንወቅሰው ሰው የለም። እኔን የሚያሳዝኑኝ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ፣ በጥጥ ንግድ ዘመን፣ ግብጻውያን፣ ግሪኮች፣ ጣሊያኖች፣ አይሁድና ሶርያውያን ጎን ለጎን ያሠሯቸው መኖሪያዎች ናቸው። ፈረንሳዊው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ኦጉስት ፔሬ በ1920ዎቹ የነደፈው ቪላ አጊዮን በ2014 ፈረሰ። ይኸው ሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዳግም ግንባታውን የመራለት የፈረንሳዩ ወደብ ለ አቭር ግን ከ2005 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ደራሲው ሎሬንስ ዳረል በጦርነቱ ወቅት የኖረበት ቪላ አምብሮንም በ2017 ፈርሷል።

ይህ ሁሉ የሆነው ሕግ ሳይኖር አይደለም። የ2006ቱ ሕግ ቍጥር 144 ልዩ የሥነ ሕንፃ ይዘት ያላቸውን ቤቶች ማፍረስ ይከለክላል። ነገር ግን ጥበቃው በመዝገብ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ባለቤቱ በአስተዳደር ፍርድ ቤት ተከራክሮ ቤቱን ከመዝገቡ ካሰረዘ በኋላ የሚያግደው የለም።

ባለቤቱን በስግብግብነት ብቻ መክሰስ ፍትሐዊ አይመስለኝም። የኪራይ ዋጋ ለአሥርተ ዓመታት በሕግ ታስሮ በመኖሩ፣ ብዙ አሮጌ ቤት ለገዛ ጥገናው የሚበቃ ገቢ እንኳ አላስገኘም። በባሕርና በመርዩጥ ሐይቅ መካከል በተጣበበች ከተማ ግን የመሬቱ ዋጋ ሲያሻቅብ ኖሯል። ባለ ሁለት ፎቅ ቪላ በነበረበት ቦታ ከአሥር ፎቅ በላይ ማቆም ይቻላል፤ ከ2011ዱ አብዮት በኋላ ቍጥጥሩ ሲላላ ደግሞ ያለ ፈቃድ የሚሠራው ሕንፃ በዛ። ሕጉ ግድግዳውን ሲጠብቅ፣ ማፍረስን አትራፊ ያደረገውን ሒሳብ አልነካም።

በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው ጉዳት ከዚህ ይከተላል። አንድ ቤት በፈረሰ ቍጥር የጎረቤቱ መከራከሪያ ይደክማል። መንገዱ ሁሉ ቪላ በነበረ ጊዜ እያንዳንዱ ቤት የአንድ ዘመን ምስክር ነበር፤ በረጃጅም ፎቆች መካከል ብቻውን የቀረው ግን ለዳኛ ዓይን አንድ ያረጀ ቤት ብቻ ነው።