ከብቱ ቆላ ሲወርድ

ወተት ከሣር ይመጣል፤ ሣርም ከዝናብ ይመጣል። ስለዚህ ሣር ፍለጋ የሄደ ከብት ወተቱንም ይዞ ይሄዳል። እኛ ፊደል ልናስተምር ኩታበር የሄድን ተማሪዎች ይህን ነገር ከእናቶች ተማርን። እስቲ አብረን እንመልከተው።

በመስከረምና በጥቅምት መስኩ ለምለም ነው፤ ላሚቱም ጥሩ ትታለባለች። አዝመራው ከተነሣ በኋላ ከብቱ ቃርሚያና ገለባ ይበላል። ጥር ሲያልፍ ግን መስኩ ይራቆታል። የበልግ ዝናብ ከቀረ ደግሞ ይብሳል። ያን ጊዜ ቆላ ዘመድ ያለው ደገኛ ከብቱን ወደዚያ ይሰዳል። ጥጃውም ከእናቱ ጋር ይወርዳል፤ ጥጃ ቀድሞ ካልጠባ የአገራችን ላም ወተቷን በደንብ አትለቅም። ታዲያ ወተቱ የማን ይሆናል? ከብቱን የሚጠብቀው ሰው ያልበዋል። ደጋ የቀሩት ልጆች ግን ወተቱም አይቡም ይቀርባቸዋል።

አይብ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ወተቱ ቀን በቀን በቅል ይጠራቀማል። ረግቶ እርጎ ሲሆን ይናጣል፤ ቅቤው ይወጣል። የቀረው አሬራ በለስላሳ እሳት ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። ከአይብ ከአራት እጁ ሦስት ያህሉ ውሃ ነው። ስለዚህ ቶሎ ይበላሻል። ቅቤ ግን ከተነጠረ ወራት ይቆያል። ሁዳዴ የሚጾም ቤት ለፋሲካ የሚያቆየው ቅቤ እንጂ አይብ ያልሆነው ለዚህ ነው።

በሌላ አገርም ከብት ወቅት ጠብቆ ይሰደዳል። በስዊዘርላንድ በረዶው ሲቀልጥ ላሞችን ወደ ተራራ የሚያወጡ አርቢዎች አሉ። አይብ ሠሪውም አብሮ ይወጣና ግሩዬር የሚባለውን ጠንካራ አይብ እዚያው ይሠራል። አንዱ ሙልሙል 400 ሊትር ያህል ወተት ይፈልጋል፤ ጨው ገብቶም ለወራት ይቀመጣል። ይህ የሚሆነው ብዙ ላም በአንድ ቦታ ስለሚታለብ ነው። የኛ አይብ ግን የአንድ ወይም የሁለት ላም አይብ ነው።

ወተት ሲያንስ ቅሉ ቶሎ አይሞላም። ብዙ ቀን የቆየ ወተት ደግሞ ይበላሻል፤ ቅሉ በደንብ ካልታጠበና በወይራ ካልታጠነማ ይብሳል። ታዲያ ምን ይሻላል?

አንደኛ፣ ወተት ማዋጣት ነው። በሲዳማ ሴቶች ዊጆ የሚሉት ማኅበር አላቸው። ወተታቸውን አዋጥተው በተራ ለአንዷ ይሰጣሉ። እንዲህ ሲሆን የአንዷ ቅል ቶሎ ይሞላል። ነገሩ እንደ ዕቁብ ነው።

ሁለተኛ፣ ከብቱ ሲወርድ አንዲት የምትታለብ ላም ከነጥጃዋ ቤት ትቅር። የእሷ ድርቆሽ ሣሩ ሳይደርቅ፣ በጥቅምት ታጭዶ ይከመር። ከብቱን ለመስደድ ሲመከርም እናቶች ይጠየቁ። ቅሉ በስንት ቀን እንደሚሞላ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።