በሁለት ጦር መሐል ያለ ሰላማዊ ሰው

አዲሎ ወይም ሆሳዕና ላይ ሆኖ ለሚሰማው የጦርነት ወሬ የሩቅ አገር ነገር ይመስላል። ነገር ግን መሬት የጠበባቸው የከምባታና የሐዲያ ገበሬዎች በ1977 ዓ.ም. ገደማ በደርግ ሠፈራ ጋምቤላ ድረስ ተወስደዋል። ደርግ በወደቀ ማግስት ታጣቂዎች እንደ ኡኩና ያሉ የሠፋሪ መንደሮችን እያጠቁ ነዋሪውን ገደሉ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ደግሞ በደፈጣ የተገደሉ ስምንት ሰዎች አስከሬን ጋምቤላ ከተማ ሲገባ ወታደሮችና እንደ ሠፋሪዎቹ ከደጋ የመጡ «ደገኛ» የሚባሉ ነዋሪዎች የአካባቢውን ተወላጆች አኙዋኮችን ጨፈጨፉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ሟቾቹን ከ400 በላይ አደረሳቸው፤ የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን 65 አለ። ትናንት የተገደለበት ወገን ነገ ገዳይ ሊወጣው ይችላል፤ የራሱን ሟች ብቻ የሚቆጥር ግን ይህን አያይም።

ሕጉ ወገን አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጡት የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3 የመንግሥትን ጦርም ጫካ ያለውን ታጣቂም እኩል ያስራል። የእኛም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 270 በሰላማዊ ሕዝብ ላይ የሚፈጸም የጦር ወንጀልን ይቀጣል።

የሰሜኑ ጦርነት ይህን ሁሉ ፈተነው። ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ማይካድራ ላይ ሳምሪ የተባለ የትግራይ ወጣቶች ቡድን ከ200 በላይ አማሮችን ገደለ፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የኤርትራ ወታደሮች አክሱም ውስጥ ከ100 በላይ ሰዎችን ገደሉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) እና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በጋራ መርምረው ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ያወጡት ሪፖርት ሁሉንም ተፋላሚዎች በጥፋት ጠራ። እያንዳንዱ ጎራ ግን ስለ ባላንጣው የተጻፈውን ገጽ ብቻ መዝዞ አራገበ። የሰሜኑን ጦርነት ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላም ግድያው ቦታ ቀየረ እንጂ አልቆመም፤ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. መራዊ ላይ የመንግሥት ኃይሎች ቢያንስ 45 ሲቪሎችን መግደላቸውን ኢሰመኮ አስታውቋል።

ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ፍርድ ቤት እንዲቋቋሙ ይላል። የጎደለው አንቀጽ ብቻ አይደለም። ባለሥልጣንንም አማፂንም በአንድ ችሎት የሚያቆም ነፃ ዳኛ ከሌለ ፖሊሲው የተሸናፊዎች መክሰሻ ከመሆን አያልፍም።