የሬዲዮ ብየዳና የሙጫ ነገር

የገዳሪፍ ገበያ በሰሊጥና በሙጫ የታወቀ ነው። ሱዳኖች ሐሻብ ከሚሉት የግራር ዓይነት የዐረብ ሙጫ ይለቀማል፤ ከገላባት ወዲህ ደግሞ የመተማና የቋራ ቆላ የእጣን አገር ነው። ሬዲዮ ጠጋኝ የሚፈልገው ሮዚንም ከዛፍ የሚገኝ ሙጫ በመሆኑ፣ «ሙጫ ሁሉ ሙጫ ነው» የሚል ሰው ቢያጋጥም አያስደንቅም። በብየዳ ጠረጴዛ ላይ ግን ልዩነታቸው ትልቅ ነው።

እንደሚታወቀው መዳብ አየር ሲነካው በላዩ ስስ ዝገት ይለብሳል፤ ሲሞቅ ደግሞ ዝገቱ ይፈጥናል። በዚህ ልባስ ላይ የፈሰሰ የብየዳ ቆርቆሮ፣ በጎደሬ ቅጠል ላይ እንዳረፈ ውኃ ተድቦልቡሎ ይንከባለላል እንጂ አይጣበቅም። 60 እጅ ቆርቆሮና 40 እጅ እርሳስ የሆነው የተለመደው ቅይጥ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቅለጥ ይጀምራል። ፍላክስ የሚባለው አጽጂ ከዚያ አስቀድሞ ቀልጦ ዝገቱን ያሟሟል፤ የጸዳውንም ገጽ ከአየር ይከልላል። ይኸውም ራሱ ማጣበቂያ ሳይሆን ለቆርቆሮው መንገድ ጠራጊ ነው።

ሮዚን ከፓይን ዛፍ ሙጫ ውስጥ ተርፐንታይኑ ተነጥሮ ሲወጣ የሚቀረው ደረቅ ክፍል ነው። በውስጡ ያለው አሲድ ሲሞቅ ዝገትን ይበላል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ተመልሶ ይደርቃልና ሽቦውን አይጎዳም። የዐረብ ሙጫ ግን የስኳር ዘመድ ነው፤ በውኃ ይሟሟል፣ በእሳት አይቀልጥም፣ ከስሎ ይቀራል። እጣንም ቢሆን በውስጡ የሚከስል ሙጫ ስላለበት ቦታው ማዕጠንት ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ባልዲና ቧንቧ የሚበይዱ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበትን የዚንክ ክሎራይድ አሲድ በሬዲዮ ላይ ማፍሰስ ነው። ለብረትና ለቆርቆሮ ሥራ ፍቱን ነው፤ ሥራው ሲያልቅም በውኃ በደንብ መታጠብ አለበት። የሬዲዮን ሆድ ዕቃ ግን በውኃ የሚያጥብ ማን አለ? የቀረው አሲድ ከአየር እርጥበት ይስባል። በበጋ ያማረው ብየዳ ክረምት ሲገባ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ሽቦውም ውስጥ ውስጡን ተበልቶ ይበጠሳል። የገዳሪፍ ዋልካ አፈር ጭቃ ሆኖ የገጠሩ መንገድ የሚዘጋውም በዚሁ ወቅት ነው፤ ሰው የሬዲዮውን ድምፅ አብዝቶ የሚሻበት ጊዜ ማለት ነው። በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ በኋላ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ማብቂያ የስልክ መረቡ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ሲቋረጥ፣ አንዲት የምትሠራ ሬዲዮ ምን ያህል እንደምትከበር መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ በያጁ ሽቦውን በምላጭ ፍቆ ያጽዳ፤ ካውያውን በሽቦው ላይ አሳርፎ ያሙቀው፤ የብየዳውንም ቆርቆሮ በካውያው ላይ ሳይሆን በሞቀው ሽቦ ላይ ያቅልጥ። ለሬዲዮ የሚሸጠው የብየዳ ቆርቆሮ አብዛኛውን ጊዜ በመካከሉ ሮዚን አለበት፤ በካውያ ጫፍ አቅልጦ የሚያመላልስ ሰው ሮዚኑን በመንገድ አቃጥሎ ይጨርሰዋል። ቆርቆሮው ሲያብረቀርቅና ተንሰራፍቶ ሲይዝ ሥራው ሰምሯል፤ ከተድቦለቦለ ይድገመው። ጢሱ ሳንባ ስለሚጎዳ መስኮት ይከፈት፤ እርሳስ የነካ እጅም ከምግብ በፊት ይታጠብ። በዚሁ ቅይጥ የመጠጥ ውኃ ዕቃ ወይም ጀበና መበየድ ግን በፍጹም አይገባም።