የአውትካስት አድማጮች የሚሟገቱበት ነገር

የአሜሪካዋ አትላንታ ያፈራችው የሂፕ ሆፕ ቡድን አውትካስት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1994 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ስድስት የስቱዲዮ አልበሞች አወጣ። አንዱ ሌላውን የሚመስል አልበም የለም። አድማጮቹ እስከ ዛሬ «እውነተኛው አውትካስት የቱ ነው?» እያሉ የሚሟገቱትም ለዚህ ነው። ከጅምሩ የተከተሏቸው ሰዎች ረጋ ያለውን፣ መኪና ውስጥ ሲከፈት ደረት የሚያንቀጠቅጠውን የ1994 ድምፅ ይመርጣሉ። የራፕ ግጥም ወዳጆች የ1996ቱንና የ1998ቱን አልበም ከሁሉ ያስበልጣሉ። በ2000 የተቀላቀሉት «ስታንኮኒያ»ን ያነሳሉ። ከዚያ ውጭ ያለው ብዙ ሰው ደግሞ ቡድኑን የሚያውቀው በ2003 በወጣው «ሄይ ያ!» በተሰኘው አንድ ዘፈን ነው።

ክርክሩ ላይ ላዩን ሲታይ የምርጫ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ላዳመጠው ግን ተሟጋቾቹ የያዙት መለኪያ የተለያየ ነው። «ድምፃቸው ተለወጠ» ሲሉ ሦስት ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው ቅንብሩ ነው፦ ከበሮው፣ ቤዙ፣ ፍጥነቱ፣ የመሣሪያዎቹ ዓይነት። ሁለተኛው ተናጋሪው ነው፦ ማን፣ በምን ዓይነት አነጋገርና ቤት አመታት ራፕ እንደሚያደርግ። ሦስተኛው ወገኑ ነው፦ ሙዚቃው ከየት ሆኖ፣ ስለ ማን፣ ለማን እንደሚናገር። አውትካስት የመጀመሪያውን በየአልበሙ ለውጧል፤ ሦስተኛውን ግን አልለቀቀም። በሁለተኛው ላይ የደረሰው ነገር የክርክሩ ሁሉ ቁልፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቡድኑ ሁለት ሰው ነው፦ ቢግ ቦይ በሚል ስም የሚታወቀው አንትዋን ፓተንና አንድሬ 3000 የሚባለው አንድሬ ቤንጃሚን። ሁለቱም የአትላንታ ጎረቤት በሆነችው በኢስት ፖይንት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳሉ ተቀራረቡ። ሙያውን የቀሰሙት «ኦርጋናይዝድ ኖይዝ» ከተባሉት አቀናባሪዎች ጋር፣ ከእነሱም አንዱ በሆነው በሪኮ ዌድ እናት ቤት ሥር በነበረ ምድር ቤት ነው። ወለሉ አፈር የነበረውን ያን ክፍል «ደንጀን» ይሉታል። በዚያ ዘመን የኒው ዮርክ ራፕ በአብዛኛው የሚሠራው ከቆዩ ሸክላዎች በተቀነጨቡ ድምፆች ነበር። የደንጀን ሰዎች ግን በሰው እጅ የሚመታ ቤዝና ጊታር ጨመሩበት፤ የደቡቡን ሶልና የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ስሜት ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሃዱት፤ ምቱንም አረጋጉት። በስሙ ውስጥ «ደቡብ»ንም «ካዲላክ»ንም የያዘው የመጀመሪያ አልበማቸው በ1994 ሲወጣ፣ የአትላንታ ወጣት የራሱን ሰፈር አነጋገር ሳይሸራረፍ በራፕ ውስጥ ሰማው።

ሌላው ከተማ ግን እንዲህ አልተቀበለውም። በ1995 ኒው ዮርክ ውስጥ በተካሄደው የ«ዘ ሶርስ» መጽሔት ሽልማት ምርጥ አዲስ የራፕ ቡድን ተብለው ሲጠሩ፣ አዳራሹ በተቃውሞ ጩኸት ተቀበላቸው። አንድሬ መድረኩ ላይ ቆሞ፣ ደቡብም የሚናገረው ነገር እንዳለው በአጭሩ ተናግሮ ወረደ። ያን ምሽት የሚጮኸው ሰው ቅንብሩን መዝኖ አልነበረም። ሂፕ ሆፕ የኒው ዮርክና የሎስ አንጀለስ ነው ብሎ ያመነ አድማጭ፣ ከሦስተኛ ቦታ የመጣ ሰው ሲሸለም አልዋጥልህ አለው። ስለ አውትካስት ድምፅ በይፋ የተሰማው የመጀመሪያው ታላቅ ተቃውሞ፣ እንግዲህ፣ ወገንን የሚመለከት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀላል መንገዶች ነበሯቸው፦ ኒው ዮርክን መምሰል ወይም ያንኑ የተወደደ አልበም መድገም። ሁለቱንም ተዉ። መሣሪያ ገዝተው ራሳቸው ማቀናበር ጀመሩ፤ በ1996 የወጣው «ኤቲሊየንስ» የዚያ ፍሬ ነው። ቅንብሩ ተራቁቷል፤ በከበሮውና በቤዙ መካከል ባዶ ቦታ ይሰማል፤ የገደል ማሚቶ የመሰለ አስተጋቢ ድምፅ ሩቅ ጠፈር ያለ ያስመስለዋል። አንድሬ መጠጥና ማሪዋና ትቶ ራሱን በጥምጥም መሸፈን የጀመረውም በዚሁ ዘመን ነው። የመጀመሪያውን አልበም ፈንጠዝያ የወደደ አድማጭ ግራ ተጋባ። ደቡብ ጭፈራ እንጂ ግጥም የለውም ሲል የነበረው ደግሞ የሚለው አጣ። ያው ለውጥ አንዱን አስኮርፎ ሌላውን ማረከ፤ የመጀመሪያው የያዘው መለኪያ ቅንብሩ ሲሆን የሁለተኛው ግጥሙ ነበርና።

በ1998 የወጣው «አኩዌሚናይ» ረዘም ያለ ማብራሪያ ይገባዋል፤ አድማጮች ከሌሎቹ ይልቅ የሚስማሙበት አልበም ነውና። ከለውጥ መጠን አንጻር ካየነው ቅሬታ ሊያስነሳ ይገባው ነበር። ሙዚቀኞች ስቱዲዮ ውስጥ ተሰብስበው በነፃነት የተጫወቱት ብዙ ክፍል አለው፤ ሰባት ደቂቃ የሚሄድ፣ በጥሩንባ ዜማ የተገነባ ትረካ አለው፤ ወደ ዘጠኝ ደቂቃ የሚጠጋ መዝሙር መሰል ዘፈን አለው፤ «ሮዛ ፓርክስ» መካከል ላይ ፓስተር የሆነው የአንድሬ እንጀራ አባት ሃርሞኒካ ይነፋል። ይህ ሁሉ ከ1994ቱ ድምፅ እጅግ የራቀ ነው። ሆኖም በሽልማቱ ምሽት የተጮኸባቸው ያው መጽሔት «ዘ ሶርስ» የመጨረሻውን ደረጃ፣ አምስት ማይክራፎን፣ ሰጠው፤ የቀድሞ አድማጮችም እንደ ራሳቸው ያዙት።

ምክንያቱ በሁለቱ ተናጋሪዎች መካከል ያለው ግንኙነት ይመስለኛል። ቢግ ቦይ ቃላቱን አጥብቆ፣ በምቱ ላይ እየተንሸራተተ፣ ስለ ኑሮና ስለ ጎዳና የሚናገር ራፐር ነው። አንድሬ ጥያቄ ያበዛል፤ ድምፁን ያዘገያል፤ ስለ ነፍስና ስለ ጊዜ ያስባል። የአልበሙ ርዕስ የሁለቱን ኮከብ፣ የቢግ ቦይን ደለዊና የአንድሬን ገውዝ፣ አጣምሮ የተሠራ ነው፤ ዘፈኖቹም እንዲሁ ናቸው። «ዳ አርት ኦፍ ስቶሪቴሊን» በተባለው ዘፈን ቢግ ቦይ ቀለል ባለ አንደበት ስለ አንዲት ሴት ያወራል፤ አንድሬ በዚያው ምት ላይ በአደንዛዥ ዕፅ ሕይወቷ ያለፈች የልጅነት ወዳጁን ታሪክ ይተርካል። ፈገግታና ሐዘን በአንድ ከበሮ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። አንደኛውን የወደደ አድማጭ ሁለተኛውንም መስማቱ አይቀርም፤ በዚህ መንገድ ሁለት ዓይነት ታዳሚ አንድ ቡድን ሆኖ ይቀመጣል። ቅንብሩ የቱንም ያህል ቢርቅ፣ ጆሮ የሚይዘው ነገር አለው።

«ስታንኮኒያ» ይህን ሐሳብ በደንብ ይፈትነዋል። በ2000 በወጣው በዚህ አልበም ውስጥ ያለው «ቢ.ኦ.ቢ» በደቂቃ 155 ገደማ ምቶች ይጋልባል፤ የዘመኑ ብዙ ራፕ ደግሞ በ90 አካባቢ ነበር የሚራመደው። የኤሌክትሪክ ጊታር ይጮኽበታል፤ የሞሪስ ብራውን ኮሌጅ መዘምራን ይዘምሩበታል። የለመደ ጆሮ «ይህ ሂፕ ሆፕ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን በዚያ ጥድፊያ ላይ ሁለቱም ተራ በተራ ራፕ ያደርጋሉ። በ2001 በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣው «ሚስ ጃክሰን»ም የተዋቀረው በሁለቱ ልዩነት ነው፦ ሁለቱም ከልጆቻቸው እናት ጋር ስለ መለያየት ሲያወሩ፣ አንድሬ በይቅርታና በጸጸት፣ ቢግ ቦይ በንዴትና በመከራከር ይናገራሉ። አዲስ አድማጭ በብዛት ገባ። የቀድሞውም እያጉረመረመ አብሮ ቆየ።

በ2003 የሆነው ከዚህ ይለያል። «ስፒከርቦክስ» እና «ዘ ላቭ ቢሎው» በአንድ ሽፋን የወጡ ሁለት ዲስኮች ናቸው፤ የመጀመሪያው የቢግ ቦይ፣ ሁለተኛው የአንድሬ። ከጥቂት ዘፈኖች በቀር ሁለቱ አይገናኙም። አንድሬ በዲስኩ ላይ በአብዛኛው ይዘፍናል እንጂ ራፕ አያደርግም፤ ጃዝ፣ ፈንክና ሮክ ይቀላቅላል። «ሄይ ያ!» ላይ ላዩን ቀላል የጭፈራ ዘፈን ቢመስልም፣ ሦስት ባለ አራት ምት ክፍል ከሄደ በኋላ አንድ ባለ ሁለት ምት ክፍል ያስገባና በሁለት ባለ አራት ምት ክፍል ይዘጋል። ዙሩ 22 ምት ነው፤ በጉዞው መካከል የሚሰማው ትንሽ መደናቀፍ ከዚያ ይመጣል። ዘፈኑ ለዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ ከቦታው ያወረደውም የቢግ ቦይ «ዘ ዌይ ዩ ሙቭ» ነበር። አልበሙ በ2004 የግራሚን የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት ወሰደ።

ብዙ የቀድሞ አድማጮች ያኔ «ወደ ፖፕ ሄዱ» አሉ። ስሜታቸው እውነት ነው፤ የጠቆሙት ምክንያት ግን በቂ አይደለም። ጊታርም፣ ዜማም፣ ከፍተኛ ሽያጭም በ«ስታንኮኒያ» ነበሩ። በ2003 አዲስ የሆነው የሁለቱ መለያየት ነው። «ስፒከርቦክስ»ን ብቻ ያዳመጠ ሰው የለመደውን የደቡብ ቤዝና ራፕ ያገኛል፤ ሆኖም የሚጎድል ነገር እንዳለ ይሰማዋል። ለውጡ የቅንብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ዲስክ ጉድለት ሊሰማበት አይገባም ነበር። አድማጩም ቀድሞ ያልተጠየቀውን ምርጫ ተጠየቀ፦ የቢግ ቦይ ነህ ወይስ የአንድሬ? ሁለት ዓይነት ሰው የሚያገናኝ ቡድን ለሁለት ዓይነት ሰው ሁለት ዲስክ አቀረበ።

ሁሉን ነገር ናፍቆት ይገልጸዋል የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል፤ ሰው በጉርምስናው የሰማውን ሙዚቃ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ያስበልጣል ይባላል። ናፍቆት ድርሻ አለው። ግን «ሄይ ያ!»ን በልጅነታቸው ሰምተው ያደጉ፣ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰው «አኩዌሚናይ»ን የመረጡ አድማጮች አሉ። እነሱን ናፍቆት አልመራቸውም። ሌላው ሊከበር የሚገባ ስጋት የወገን ስጋት ነው። ጥቁር የደቡብ ወጣት ስሙን ያስጠራበት ሙዚቃ፣ ታሪኩን በማያውቅ ሕዝብ ዘንድ የሠርግ ማድመቂያ ብቻ ሆኖ ሲቀር ማየት ያማል። «ፖፕ ሆኑ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ይህን ሕመም ነው፤ ከቅናት ጋር ባያምታቱት መልካም ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ነገሩን ያጠናክረዋል። የ2006ቱ «አይድልዋይልድ» በ1930ዎቹ ጆርጂያ ላይ ከተመሠረተ ፊልም ጋር ወጣ፤ ሁለቱ አብረው የሚሰሙበት ዘፈን ጥቂት ነው፤ ብዙ አድማጭም ከስድስቱ በኋለኛው ረድፍ ያስቀምጠዋል። አንድሬ በ2023 «ኒው ብሉ ሰን» በተባለው አልበም ራፕን ጨርሶ ትቶ ዋሽንት ነፋ። ቅሬታ ያቀረቡት አድማጮች ስለ ዋሽንቱ ጥራት ብዙ አልተከራከሩም፤ የፈለጉት ራፕ ሲያደርግ መስማት ነበር። የናፈቃቸው ተናጋሪው ነው።

ከዚህ የምወስደው ለማንኛውም ተለዋዋጭ ቡድን ይሠራል። አድማጭ «ተለወጡ» ብሎ ከመፍረዱ በፊት፣ ያጣው ነገር ቅንብሩ፣ ተናጋሪው ወይስ ወገኑ መሆኑን ራሱን ይጠይቅ። ቅንብር ከሆነ ጊዜ ይስጠው፤ በ1996 ግራ ያጋባው ድምፅ ዛሬ ብዙዎች የሚመኩበት ሆኗል። ወገን ከሆነ ሙዚቀኛው ከየት ሆኖ እንደሚናገር ደግሞ ያዳምጥ፤ አውትካስት በዓለም ሰንጠረዥ አናት ላይም አትላንታን አልካደም። ተናጋሪው ከሆነ ግን ቅሬታው ሥር አለው፤ አዲስ አልበም ቢወጣም ሰዎቹ ካልተገናኙ አይሽርም። የአውትካስት አድማጮች ሠላሳ ዓመት ያልጠገቡት ክርክር ሲጠቃለል ይህን ይመሰክራል፦ በስድስት ዓይነት ድምፅ ውስጥ ሲፈልጉ የኖሩት እነዚያን ሁለት ሰዎች አብረው ሲናገሩ መስማት ነው።