ያውቁ ኖሯል? ቢትልስ በፖም ውስጥ
የቢትልስ ሙዚቃ በአይቲዩንስ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ግን 14 የስቴሪዮ አልበሞቻቸው አረንጓዴ ፖም በሚመስል ፍላሽ ተጭነው፣ በ30,000 ቅጂ ብቻ ለገበያ ቀርበው ነበር። ሰብሳቢዎችን ያጓጓው የፖሙ ውበት ብቻ አይደለም። የያዘው ድምፅ ባለ 24 ቢት ነበር፤ በዚያው ዓመት የወጡት ሲዲዎች ግን ባለ 16 ቢት ናቸው። የተቀመጠው ደግሞ ፍላክ በተባለ ፎርማት ነው። ፍላክ ፋይሉን ወደ ግማሽ ገደማ ቢያሳንስም ከድምፁ አንዳች አያጎድልም፤ ሲከፈት እያንዳንዱ ቢት እንደነበረ ይመለሳል። ኤምፒ3 ግን ጆሮ አይሰማውም ያለውን ቆርጦ ይጥላል፤ የተጣለውም ላይመለስ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ጥሩ ኤምፒ3ን ከፍላክ በጆሮው ብቻ የሚለይ ሰው ጥቂት ነው።